ከሠርጉ በኋላ ያለው ፍቅር፦ በፋን ፊክሽን እንከን ያለባቸውን ጥንዶች ለመጻፍ የትኛው መንገድ ይሻላል?

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ያነበበው ሰው ሁሉ መጨረሻውን በልቡ ሳያስተካክለው አይቀርም። በዛብህ አይሞትም፤ ሰብለወንጌል አትመነኩስም፤ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። ይኸው ምኞት ወረቀት ላይ ሲወርድ ነው ፋን ፊክሽን የሚባለው፦ ሌላ ሰው የፈጠራቸውን ገጸ ባሕርያት ወስዶ የራስን ታሪክ መጻፍ። ደሴም ኮምቦልቻም በቱርክና በኮሪያ ድራማ ላይ የሚጽፉ ወጣቶች አሉ፤ ዋትፓድ ላይ የሚያወጣ አለ፣ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚለቅ አለ። ታዲያ አብዛኛው ወይ ሠርጉ ላይ ያልቃል፣ ወይ በሠርጉ ማግስት ባልየው ሰካራም ሆኖ ያርፈዋል። የሚዋደዱ ግን በየቀኑ የሚጋጩ ሁለት ሰዎች፣ በየጎረቤቱ የምናውቃቸው፣ ከታሪኩ ይጠፋሉ።

እነዚህን ሰዎች ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ጥቂት ምርጫዎች ይገጥሙታል። ከዚህ በታች አንዱን ከሌላው እያስተያየሁ የሚያዋጣውን እናገራለሁ። ሚዛኔ እኩል አይደለም፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የጥንዶቹ ጉድለት መምጣት ያለበት አንባቢው ከወደደላቸው ጠባይ ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ ምርጫዎቹንም የምለካው በዚሁ ነው።

ከየት ልጀምር?

የመጀመሪያው መንገድ በዋናው ታሪክ ክፍተት ውስጥ ገብቶ መጻፍ ነው። በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለን ሲያስተምር በመጽሐፉ ያልተነገሩ ከሰዓቶች አሉ፤ እነሱን መሙላት ይቻላል። አንባቢ ያምናችኋል፣ ምክንያቱም ቤቱንም ሰዎቹንም ያውቃል። ለእኛ ጉዳይ ግን ይህ መንገድ ደካማ ነው። ተደብቀው የሚፋቀሩ ሰዎች እንከናቸው አይታይም። አባት ይመጣል ብለው ጆሯቸውን አቁመው የሚያወሩ ሁለት ሰዎች በምን ሰዓታቸው ስለ ቤት ወጪ ይጨቃጨቃሉ? ክልከላው ራሱ ሁለቱንም አሳምሮ ያሳያቸዋል።

ሁለተኛው ከመጨረሻው በኋላ መቀጠል ነው፤ ጸሐፊዎቹ «ፊክስ ኢት» የሚሉት፣ የተሰበረውን ጠግኖ መነሳት። ሦስተኛው «ኤዩ» የሚሉት ነው፦ ሰዎቹን ከነጠባያቸው ወስዶ ሌላ ዘመንና ሌላ ከተማ ማስቀመጥ። በዛብህ ፒያሳ ደሴ ላይ የስልክ ጥገና ሱቅ ከፍቶ፣ ሰብለ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ስታስተምር። አንባቢ ይህን ይወደዋል፤ ለመጻፍም ደስ ይላል። አደጋው ስማቸው ብቻ እንዳይቀር ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አንድ ገጽ ላይ ስማቸውን ለውጡና ዋናውን መጽሐፍ ለሚያውቅ ጓደኛ አስነብቡት። እነማን እንደሆኑ ካላወቀ የጻፋችሁት ስለ ሌሎች ሰዎች ነው።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጠባያቸው ትኩስ እንደሆነ፣ የኖሩበትም ዘመን ሳይለወጥ አዲስ ኑሮ ውስጥ ስለሚገቡ። ለወሎ ጸሐፊ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። ጎጃምና ወሎን የሚለያቸው አባይ ነው፤ ከምሥራቅ ጎጃም የጠፉ ሁለት ሰዎች ወንዙን ተሻግረው በወሎው ቦረና በኩል ቢወጡ ወሎ ገቡ ማለት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ደግሞ ወሎ ውስጥ ሥራ አይፈታም፤ ቦሩ ሜዳ በመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ስሙ የተጠራ ቦታ ነው። በዛብህን እዚያ ማስገባት ምንም ማስገደድ አይጠይቅም።

ጉድለቱ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚመርጡት ኃጢአት ነው፤ ሌላ ሴት፣ ሌላ ወንድ፣ መጠጥ፣ ቁማር። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እንባ ያመጣል። ጉዳቱ ከሰዎቹ ጋር ዝምድና የሌለው መሆኑ ነው። በዛብህን ሴት አውል አድርጋችሁ ብትጽፉት አንባቢ በበዛብህ አያዝንም፤ በእናንተ ይናደዳል። ማንኛውም ባል ሊሠራው የሚችል ጥፋት ስለ እዚህኛው ባል ምንም አይናገርም።

የተሻለው ጠባይን ማየት ነው። አንድ ወረቀት ላይ ገጸ ባሕርዩን ለምን እንደወደዳችሁት ጻፉ፤ ከዚያ ያው ጠባይ በየዕለቱ አብሮ ለሚኖር ሰው ምን እንደሚያስከትል ከጎኑ ጻፉ። ሰብለን የወደድናት ማንንም ሳትጠይቅ ከአባቷ ቤት ወጥታ መንገድ ስለጀመረች ነው። በዛብህን የወደድነው በትዕግሥቱና በትሕትናው ነው፤ ገና ሳይጠየቅ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ልጅ፣ ሌላው የወሰነለትን ተሸክሞ ያደገ። አሁን እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ጣራ ሥር አስገቧቸው። አንዷ ብቻዋን ትወስናለች፤ ሌላው የማይፈልገውን «አልፈልግም» ማለት አያውቅም። ሌላ ጠላት አያስፈልግም።

እንዲህ ብዬ ብጽፈውስ፦

«ሐብሉን አላየሁትም» አለ በዛብህ፣ ካባውን ግድግዳው ላይ እየሰቀለ።

«ከነጋዴዎቹ ጋር ባቲ ወርጄ ነበር። ሰኞ ገበያ ላይ ሸጥኩት፤ ላም ገዛሁበት።»

«የእናትሽን ሐብል?»

«ከአንገቴ ይልቅ ጓዳችን ይጠቅመዋል ብዬ ነዋ። ጥጃም አላት።»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ብቻ?»

«ምን ልበልሽ? ጥሩ ነው አልኩኮ።»

መጽሐፉን አንስቶ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጠ። ሰብለ እንጀራውን አቅርባ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ገጹን አልገለጠም።

«የኔታ» አለች በመጨረሻ፤ ተቆጥታ ካልሆነ በዚህ ስም አትጠራውም። «ትምህርቱ ሲያልቅ ይብሉ።»

እዚህ ቦታ ላይ ማንም ማንንም አልበደለም። ላሚቱ ለቤቱ ትጠቅማለች፤ እሱም ክፉ ቃል አልተናገረም። ግን ሁለቱም ተጎድተዋል፣ ሁለቱም የተጎዱት ደግሞ አንባቢው ከወደደላቸው ነገር የተነሳ ነው። ይህንን አንድ ጊዜ ካገኛችሁ አሥር ክፍል የሚሆን ታሪክ አላችሁ፤ ነገ ቤት ስትቀይር፣ ከነገ ወዲያ ልጁን የት እንደሚያስተምሩ ስትወስን ያው ነገር በሌላ መልክ ይመለሳል።

ሦስተኛው ምንጭ ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፦ ቤተሰብ፣ ሃይማኖት፣ ርቀት፣ ጦርነት። ወሎ ላይ ለሚጽፍ ሰው ፈተናው ሃይማኖት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ጸሐፊ ሙስሊምና ክርስቲያን ጥንዶችን ሲያገኝ ወዲያው ጎራዴ ያስመዝዛል። እኛ ዘንድ ግን አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ጭቅጭቁ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እርዱ ማን አረደው? የእሱ ድስት የትኛው ነው፣ የእሷስ? ሠርግ ላይ ሁለት ድግስ ሲደገስ የኖረው በዚሁ ነው፤ ሁለት ድስት ያለው ቤት ግን ወጪውም ሁለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ ተደራርበው ነበር፤ ይህን ለሚያውቅ ጸሐፊ የተዘጋጀ ትዕይንት ነው። እሷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሟን ትፈታለች፣ እሱ መግሪብን ይጠብቃል። እሱ እየተራበ እሷ ሽሮዋን ትበላለች፤ ማታ ደግሞ እሱ የሥጋ ሾርባ ሲያምረው እሷ ሽታው ቤቱን እንዳይሞላው ትፈልጋለች። ሁለቱም ለእግዚአብሔርም ለአላህም ብለው ሲራቡ፣ ሁለቱም በቡና ሰዓት አፋቸው ሹል ይሆናል። ስለ ዶግማ አንድ ቃል መጻፍ አያስፈልግም።

ኤዩ ለሚጽፍ ደግሞ ዓረብ አገር አለ። ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ብዛት የማያውቅ ሰፈር የለም፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙ ትዳር በአንድ ሌሊት ከስልክ ጥሪ ወደ አንድ አልጋ ተዛወረ። ድምፁን እንጂ ልማዱን ከማታውቀው ባል ጋር የምትኖር ሴት አስቡ። ገንዘቧን አላባከነም፤ እንዲያውም ቤት ሠርቶበታል። የሴራሚኩን ቀለም ግን ራሱ መርጧል፤ እሷ ደግሞ የኖረችው ዓመት ሙሉ የሰው ሴራሚክ ስትወለውል ነው። ይህ ምንጭ ከኃጢአት ይሻላል፤ ከጠባይ ጋር ካልተገናኘ ግን ራሱን ችሎ አይቆምም። ጫናው ሰዎቹን መግለጥ አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስለ ሸሹ ባልና ሚስት የሚጽፍ ሰውም፣ ተኩሱን ከመግለጽ ይልቅ «እንውጣ» ያለው ማን ነበር፣ እናቱን ትቶ የወጣውስ ማን ነበር ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ጉድለትና በደል

ይኼኛው ምርጫ አይደለም፤ መስመር ነው። እንከን ያለበት ፍቅር እጽፋለሁ ብሎ የጀመረ ሰው ሳያውቀው ጥቃትን አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል። በድራማ የለመድነው ወንድ አለ፤ ይቀናል፣ ክንዷን ጨምድዶ ይይዛታል፣ ስልኳን ይፈትሻል፣ ከጀርባው ሙዚቃ ይለቀቅበታል። ሙዚቃውን አጥፉና ትዕይንቱን እንደገና አንብቡት። ሴትየዋ «እምቢ» ብትል ምን ይደርስባታል? መልሱ ፍርሃት ከሆነ የጻፋችሁት በደልን ነው፤ በደልን መጻፍ ይቻላል፣ ግን በስሙ ጠርታችሁ ጻፉት።

ጠለፋም እንዲሁ ነው። «ጠልፎ ወሰዳት፣ ቀስ በቀስ ወደደችው» የሚል ታሪክ አሁንም ይጻፋል። ድሮ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ያስመልጠው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል። የአንባቢ ልብም ሕጉ ከደረሰበት ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። ስለ ድሮ ዘመን የምትጽፉ ከሆነ ጠለፋውን አታጥፉት፤ እሷ ምን እንዳሰበች ግን አትዝለሉ።

«አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» በሚባለው የፋን ፊክሽን ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣ ሰው ታሪኩን ሲጭን ስለ ጥቃትና ስለ አስገድዶ መድፈር ማስጠንቀቂያ ይመርጣል፤ ወይም ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መምረጡን ይገልጻል። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት ስለሌለ በመጀመሪያው ክፍል አናት ላይ አንድ መስመር ጻፉ፣ አለቀ።

ማን ይተርክ?

በሁለቱም አፍ እየተፈራረቁ መተረክ ፋሽን ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አንባቢው የሁለቱንም ሐሳብ ስለሚያውቅ ዝምታቸው ምሥጢር መሆኑ ይቀራል። እኔ ብሆን አንዱን እመርጣለሁ፣ ያውም የበለጠ የተሳሳተውን። በዛብህ «እሷ አታማክረኝም» እያለ ሲተርክ፣ በየመሐሉ ስታማክረው የነበረችባቸውን ሰዓቶች አንባቢው ብቻ ያያል። ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ ቡና የምትጠጣ ጎረቤት፣ ለአጭር ታሪክ ያምራል፤ ለረጅም ግን ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ልትገባ አትችልም።

ጠቡ እንዴት ይታይ?

ጩኸት ለመጻፍ ቀላል ነው፣ ለማንበብ ግን ቶሎ ይሰለቻል። ሁለት ሰዎች የሚሰማቸውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሲጣሉ የሚገኘው በትርጉም ፊልም ነው። የእኛ ሰው ያኮርፋል። ኩርፊያ ደግሞ ብዙ ሥራ አለው። ምግቡ ይቀርባል፣ ጉርሻው ይቀራል። ባልየው እዚያው ተቀምጦ ሳለ «አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው» ትላለች ሚስት ለልጁ፤ ልጁም ይነግራል፣ አባትም ለልጁ ይመልሳል። አቦሉ ለእንግዳ ይቀዳል፣ ለእሱ ሲኒው ቶና ላይ ይደርሳል። ስሙን ትታ «ሰውየው» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። በእነዚህ ነገሮች አንድ ክፍል ሙሉ አንድም የስድብ ቃል ሳይጻፍ ይወጣል።

የኩርፊያ ድክመት መውጫው ነው፤ አንድ ሰው መሸነፍ አለበት። እዚህ ላይ ጸሐፊዎች ወደ ሽማግሌ ይሮጣሉ። ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች፣ ሽማግሎች ይመጣሉ፣ አያ እገሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይናገራሉ፣ ዱበርቲዎቹ፣ በዱዓቸው የሚታወቁት እናቶች፣ ይመርቃሉ፣ ታረቁ። ይህ ወሎ ውስጥ የሚሆን ነገር ስለሆነ መጻፉ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ታሪኩን ሽማግሌው ሲጨርሰው ነው። ሽማግሎቹን አስመጧቸው፣ ይፍረዱም፤ ግን ፍርዳቸው ግማሹን ብቻ ይንካ። «ከእንግዲህ ሳታማክሪው አትሽጪ» ብለው ይሄዳሉ። እሱ ሲማከር ምን ብሎ እንደሚመልስ ግን አልጠየቁትም። ማታ ቤት ሲገቡ ያልተጠየቀው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ጩኸትን አንድ ጊዜ፣ በታሪኩ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ብትጠቀሙበት ይበቃል፤ ዝም ሲል የኖረው ሰው ሲጮህ ነው የሚያስደነግጠው።

መጨረሻው

ሦስት ምርጫ አለ፦ መታረቅ፣ መለያየት፣ ሳይቋጩ መተው። የእኛ አካባቢ ከዜማ ቅኝቶች ትዝታን ብቻ ሳይሆን ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬንም የያዘ ነው፤ ጸሐፊዎቻችን ግን ፍቅር ሲጽፉ ሁልጊዜ ትዝታ ላይ ነው የሚያርፉት፣ የሄደ ሰው፣ የቀረ ሰው። መለያየት እውነት የሚመስላቸው ስለሚያሳዝን ነው። አብሮ መቆየት ግን ለመጻፍ ይበልጥ ይከብዳል፤ በአማርኛ ጎድሎ የሚታየኝም እሱ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ፦ አንድ ነገር ይጠገን፣ አንድ ነገር ይቅር። በዛብህ ለመጀመሪያ ጊዜ «አልወደድኩትም» ይበል። ሰብለ ትስማው፣ ትደንግጥ፣ ደስም ይበላት። ላሚቱ ግን አትሸጥም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ምናልባት ሳታማክረው ትወስን ይሆናል። ሁሉ ነገር ከተጠገነ ጠባያቸው የት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል፤ ምንም ካልተጠገነ ደግሞ ያን ሁሉ ክፍል ለምን አነበብኩ ይላል አንባቢ። መለያየትን የምትመርጡት ጠባያቸው ራሱ ሲያስገድድ ብቻ ነው፤ ሳይቋጩ መተውን ደግሞ ምን እንደሚሆኑ እናንተ ስታውቁ ብቻ። ጸሐፊው ሳያውቅ የተተወ መጨረሻ ያስታውቃል።

የመጨረሻው ጉዳይ አለቃቀቅ ነው። በየቀኑ አንድ ክፍል መልቀቅ አንባቢ ያበዛል፤ ግን በየክፍሉ መጨረሻ «ይቀጥላል» ከማለት በፊት አንድ ድንጋጤ ያስፈልገዋል፤ ላም የገዛች ሚስት ደግሞ አታስደነግጥም። በዚያ ላይ «አስታርቃቸው» የሚል መልእክት ይጎርፋል፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ልባችሁ ይራራል። ቢያንስ ግማሹን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ የመጀመሪያውን አትልቀቁ፤ በሳምንት አንድ ረዘም ያለ ክፍል ከሰባት አጫጭር ይሻላል። አንባቢ ይቀንስባችኋል። የሚቀሩት ግን ከሐብሉና ከላሚቱ የትኛው ይበልጣል ብለው የሚከራከሩት ናቸው።